ለራሱ ያስቀረው ድምፅ

ሰው በዓይኑ ያፈቅራል ይባላል። መቀስ ግን ያፈቀረው በጆሮው ነው፤ ያውም በሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ እየተከፈለው።

«መቀስ» ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። በአንድ የስፖርት ፖድካስት ውስጥ ድምፅ ይቆርጣል፣ ድምፅ ይቀጥላል። አቅራቢው «እእእ» ሲል እእእውን ያወጣለታል፤ እንግዳው ሲያስል ሳሉን ያወጣለታል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ደግሞ ስድቡን አውጥቶ ሳቁን ያስቀራል። አድማጭም «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!» ይላል። ጨዋውስ መቀስ ነበር፤ ግን ማን ያውቀዋል?

የሚሠራባት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነች። ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠ፣ አንዲት መስኮት ብቻ ያላት፣ እሷም የጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ ላይ የምታፈጥ። ጣሪያው ላይ እርግቦች ይንሸራሸራሉ። መቀስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ እርግቦቹን እያየ፣ ሰዎች ስለ ኳስ ሲጨቃጨቁ ይሰማል። እንዲህ እያለ ዕድሜው ሠላሳ ሞላ። እናቱ በስልክ ባገኘችው ቁጥር «አንተ ልጅ፣ የሰው ወሬ ስትሰማ የራስህን ሳታወራ ልታረጅ ነው» ትለዋለች። እሱም «እሺ እማዬ» ይላታል። ሌላ ምን ይበላት?

የፕሮግራሙ የመጨረሻ ሩብ ሰዓት የአድማጮች አስተያየት ነው። አድማጭ ይደውላል፣ ከማሽኑ «ጢጥ» ድምፅ በኋላ የልቡን ይናገራል፣ ማሽኑ ይቀዳል። መቀስ ማክሰኞ ማክሰኞ እየከፈተ ይሰማና ለሐሙስ ያሰናዳል። አንዱ «ማስታወቂያ አበዛችሁ» ይላል። ሌላው «ኧረ ማስታወቂያው ይሻላል፣ የበዛችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። «እናንተን መስማት ካቆምኩ ቆየሁ» ለማለት በየሳምንቱ የሚደውል ሰውዬም አለ፤ ያለፈውን ፕሮግራም ከነደቂቃው እየጠቀሰ።

በዚያ ዓመት አቅራቢው አዲስ ሐሳብ መጣለት። «ቅር ያሰኙን የስፖርተኞች ግለ ታሪኮች» የሚል ርዕስ አወጣና «አንብባችሁ ያዘናችሁበትን ንገሩን» ብሎ አድማጩን ጋበዘ። ጉድ ፈላ! ስልኩ ተጨናነቀ። ሰው ከፍሎ የገዛውን መጽሐፍ ስደብ ሲባል የሚመጣለት አንደበት አይጣል ነው።

እሷ የመጣችው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ዝምታ ነበር፤ ሦስት ሰከንድ። ቀጥሎ ትንሽ ትንፋሽ፣ ከዚያ «እንደምን ዋላችሁ» የሚል ረጋ ያለ የሴት ድምፅ። ከጀርባዋ የሆነ ነገር በየመሃሉ «ሽሽሽ» ይላል።

«የቡጢኛውን መጽሐፍ አነበብኩት» አለች። «የመታቸውን ሁሉ በስም በስማቸው ዘርዝሯል። የመቱትን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ አፍንጫው እንደዚያ የተጣመመው በር ገጭቶት ነው?»

መቀስ ብቻውን ሳቀ። በሥራው ሕግ ዝምታ ይቆረጣል። ሦስቱን ሰከንድ ሊያወጣ ጣቱን ሰደድ ሲያደርግ እጁ እምቢ አለው። ተወው።

«ይሄ መጀመሪያ ላይ ያለው ባዶ ምንድን ነው?» አለ አቅራቢው ሲሰማው።

«መስመሩ ነው» አለ መቀስ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ብስክሌተኛው ደወለች። «ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ዳገት ወጣ፤ አንድ ቀን እንኳ ጭኑን አላመመውም። እኔን ግን አመመኝ።» ከዚያ ስለ ዋናተኛዋ፣ ከዚያ ስለ አሠልጣኙ። ብትተችም አተቻቸቷ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ፣ በር አንኳኩታ፣ «የለም» የተባለች ሰው ዓይነት ቅሬታ ነበር።

መቀስ ማክሰኞ ማክሰኞ ንጹሕ ሸሚዝ መልበስ ጀመረ። ለማን ነው ቢሉት ምን ሊል ነው? ለስልክ መቅጃ? ያን «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ ደግሞ ሲያውጠነጥን ይውላል። አንድ ቀን ዝናብ ነው ይላል፤ አንድ ቀን ባሕር ነው ይላል። አንድ ቀን «ሕፃን እያባበለች ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ መጣበትና ሁለት ቀን ሙሉ ከፋው። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ስትል ይሰማታል። በዚህ የተነሳ ሁለቴ ከፌርማታው አልፎ በእግሩ ተመልሷል። በዝናብ እየራሰ ሲመለስ እንኳ ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ።

በስድስተኛው ሳምንት ስለ አንድ በረኛ መጽሐፍ ደወለች። ሦስት ደቂቃ ተኩል ተናገረች። ለአንድ አድማጭ የሚፈቀደው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ አነበብኩ» አለች፤ «አንዲት ጎል አልገባችበትም! ያችን ሁላችንም የምናውቃትን የዋንጫ ጎል እንኳ አጣኋት። ያዳነውን ሁሉ ነግሮናል፤ ያመለጠው ነገር የለም። እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ጥሩ መጽሐፍ ነው።»

እዚህ ላይ ድምጿ ተለወጠ። ቀስ አለ።

«ግን እኔ ይሄን ሰው አውቀዋለሁ። ያች ጎል በገባች ማግስት፣ ልጅ ሆኜ፣ በመስኮት አይቼዋለሁ። ገና በማለዳ ግቢው ውስጥ ኳስ ከግድግዳ እያጋጨ ይይዛል። ቆጠርኩለት። ያኔ መቁጠር የምችለው እስከ መቶ ነበር፤ መቶ ደረሰና እሱ አላቆመም። ከዚያ በኋላ ሜዳ በገባ ቁጥር ‹ወንፊት! ወንፊት!› እያሉ ሲጮሁበት እጁን አንስቶ ሰላም ይላቸው ነበር። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኔ ዛሬ መነሳት ባልፈለግኩበት ጠዋት የምነሳው ከእሱ ተምሬ ነው። ማንበብ የፈለግኩት ይሄን ነበር። መጽሐፉ ቅር ያሰኘኝ፣ ሰውየው ከመጽሐፉ ስለሚበልጥብኝ ነው።»

«ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ መጣ፤ ስልኩ ተዘጋ።

መቀስ ማዳመጫውን አወለቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። መልሶ አደረገና ደግሞ ሰማው። ሦስተኛም ሰማው። ጎረቤቷ የነበረ ሰው መሆን አለበት ብሎ ገመተ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ሐሙስ ይሄን አርባ ሺህ ሰው ይሰማዋል። ጥርሱን እየቦረሸ፣ ሽንኩርት እየከተፈ፣ መኪና እየነዳ። ያ «መስማት አቁሜያለሁ» የሚለው ሰውዬ እንኳ ይሰማውና አስተያየት ይሰጥበታል። መቀስን ቅናት ያዘው። ሌላ ስም የለውም፣ ቅናት ነው።

«ግን» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ቆረጠው። የመጀመሪያውን ግማሽ ለፕሮግራሙ ሰጠ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ወደ ራሱ ስልክ ገልብጦ ከመቅጃው ላይ አጠፋው። «ሕግ ሕግ ነው፣ አንድ ደቂቃ ተኩል» አለ ለራሱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሐሙስ አቅራቢው «አንዲት ጎል አልገባችበትም» የሚለውን ሲሰማ ሳቁ አልቆም አለው። «ወንፊት መሆኑን ረስቶት ይሆናላ!» አለ እንባውን እየጠረገ። ቀልዱ ከተማውን አዳረሰ። ያ ሽማግሌ በረኛ ከሀያ ሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተሳቀበት።

በቀጣዩ ማክሰኞ እሷ አልደወለችም። በሌላኛውም ማክሰኞ ጠፋች። አድማጮች «ያቺ ረጋ ያለችው ልጅ የት ገባች?» ማለት ጀመሩ። «መስማት ባቆምም፣ እሷ መቅረቷን አስተውያለሁ» አለ ሰውየው። መቀስ በስልኩ ያስቀራትን ሁለት ደቂቃ እየሰማ ሰነበተ፤ ግን ሥጋት ገባው። የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ የሚል ሥጋት።

በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ሲወጣ ዝናብ ያዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል፣ ባይችልበትም፤ የማልያው ስምንት ቁጥር ግማሹ ተልጦ ሦስት መስሏል። ማልያው ቦርሳው ውስጥ ነበር። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ የማልያ ሱቅ አየና ከዝናቡም ለማምለጥ፣ ቁጥሩንም ለማስለጠፍ ብሎ ዘው አለ።

ሱቋ ከላይ እስከ ታች ማልያ ተሰቅሎባታል። ጠረጴዛው ላይ ከላስቲክ የተቆረጡ ቁጥሮች በተራ ተደርድረዋል። ግራጫ ሽርጥ የለበሰች ወጣት ማተሚያ ማሽኑን ተጭና ያዘች፤ ትኩሱ ብረት ማልያው ላይ አረፈ።

«ሽሽሽ» አለ።

መቀስ ክው አለ።

ልጅቷ ቀና አለች። ወዲያው አልተናገረችም፤ ትንሽ ዝም ብላ አየችው። «እንደምን ዋልክ? ምን ልታዘዝ?»

 ማልያውን ከቦርሳው አውጥቶ ዘረጋላት።

«ሦስት ነው ስምንት?» አለች እያገላበጠች።

«ስምንት ነበረ።»

«ምን ነካው ታዲያ?»

«እኔን ነው ማልያውን?»

ሳቀች። ሳቋን በማሽን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ያን ቀን መናገር ነበረበት፤ «እኔ የእንትን ፕሮግራም ሰው ነኝ» ማለት ምን ነበረበት? ግን ፊቷን እያየ ድምጿን ሲሰማ ሁሉም ነገር ጠፋበት። «ሥራህ ምንድን ነው?» ስትለው «ከኮምፒውተር ጋር ነው» አለ። ይሄም እውነት ነው፤ ባንክ ዘራፊም እንዲህ ሊል ይችላል።

ከዚያ በኋላ መመላለስ ሆነ። ሰኞ መጥቶ ባለ አራት ቁጥር ማልያ አሠራ። ረቡዕ ባለ ዘጠኝ። ዓርብ ባለ አሥራ አንድ።

«ቡድን ልታቋቁም ነው እንዴ?» አለችው።

«አስቤያለሁ።»

«ስንት ሰው አለህ?»

«እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ።»

«ከዚህ በላይ ማልያ አልሸጥልህም፤ ኃጢአት ይሆንብኛል። መምጣት ከፈለግክ ባዶ እጅህን ና» አለችና ወደ ማሽኗ ዞረች። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

ባዶ እጁን ይመጣ ጀመር። ሻይ ታፈላለች፤ እሱ ቁጥሮቹን ይለይላታል፤ በመስኮቱ አውቶቡሶቹ መብራታቸውን አብርተው ሲወጡ ሲገቡ ያያሉ። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳይነጋገሩ ይቀመጣሉ። ዝምታቸው አይከብድም ነበር። መቀስ በዕድሜው ሙሉ ሲቆርጠው የኖረው ነገር ይሄን ያህል እንደሚጣፍጥ አያውቅም ነበር።

ከማሽኑ አጠገብ ማንም የማይቀመጥበት በርጩማ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ መቀስ ሊቀመጥበት ሲል «እሱን ተወው» አለችው። ወዲያው ደንገጥ አለች። «ይቅርታ። የአባቴ ነው።»

«ደህና ናቸው?»

ብረቱን አነሳችና ሳትጭነው ቀረች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። አባቷ ድሮ በረኛ ነበር። ዳቦ ይዞ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ይመጣና እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አብረው ይበሉ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለፍቶ መጽሐፍ ጻፈ፤ አንድም ሰው ደህና ነገር አልተናገረለትም። እሷ ደግሞ አንድ የስፖርት ፖድካስት ላይ ትደውል ነበር።

«በስሜ አይደለም፤ ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ስለ እሱ የሚሰማኝን ፊት ለፊት ልነግረው አፍሬ፣ በፕሮግራሙ ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ‹አባዬ ሐሙስ ፕሮግራሙን ስማ› አልኩት። እህቱን፣ አክስቴን፣ ጠርቶ አብረው ተቀመጡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ እስቲ አስበው! የኔን ድምፅ ገና ሲሰማ ለየው። ከዚያ...» ብረቱን መልሳ አስቀመጠች። «ያልኩትን ክፉውን ብቻ አወጡና ደጉን ቆርጠው ጣሉት። አቅራቢውም ሳቀበት። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ልብሱን ትቶ መጽሐፎቹን በካርቶን ይዞ አክስቴ ቤት ገባ።»

«ቀሪውን ብትነግሪያቸውስ?»

«ነገርኩት እኮ! ‹የሰማሁትን ሰምቻለሁ› አለኝ። አሁን የምናገረው ለማስታረቅ የፈጠርኩት ይመስለዋል። ወደ ፕሮግራሙ ደውዬ ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ ደግሞ ቆርጦ የጣለውን ማን ያስቀምጣል ብዬ ተውኩት። ያን የቆረጠውን ሰው ባገኘው...» ትኩሱን ብረት በጣቷ ጠቆመች። «ሁለት እጁን እዚህ ውስጥ ነበር የማስገባው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የዚያን ቀን ግን የመቀስ ጆሮ ለባለቤቱ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። መንገድ ላይ ሲሄድ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስለውም ነበር፤ ግን የቀድሞው ዓይነት መንሳፈፍ አይደለም። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ቢናገር ያጣታል። ባይናገር አባቷን አሳጥቶ አጠገቧ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ያቺ በርጩማ ባዶ በሆነች ቁጥር ባዶ ያደረጋት እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቋ ስትከፈት በሩ ላይ ነበር።

«ዛሬ በማለዳ!» አለች ደስ ብሏት።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ሌላ መግቢያ ፈልጎ አጥቶ ነው። «የፕሮግራሙ ድምፅ ቆራጭ እኔ ነኝ። ቀሪው አልጠፋም። እዚህ ነው ያለው።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ቆማ አየችው። ሦስት ሰከንድ አለፈ፤ አሥርም አለፈ።

«አብረን ስንስቅ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«አዎ።»

«ትናንት ስነግርህ፣ እንባዬ ሲመጣ፣ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«አዎ።»

«ውጣልኝ።»

ወጣ። ግን አልሄደም፤ መሄጃ አልነበረውም። መንገዱን ተሻግሮ ፌርማታው ላይ ቆመ። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ሌላም መጣ፣ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ልጅቷ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ የሱቋን በር ግማሽ ድረስ ሳበችና መንገዱን ተሻገረች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ና» አለችው። «ለኔ እንዳታሰማኝ። ያልኩትን አውቀዋለሁ። ለእሱ ነው የምታሰማው።»

የአክስቷ ቤት ሩቅ አልነበረም። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ኮሪደሩ አልሸጥ ባሉ መጻሕፍት ካርቶን ተጣቧል። በረኛው ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ተሰብረው ተጣመው የዳኑ ናቸው። ልጁን ሲያይ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«አባዬ፣ ሰው ይዤ መጥቻለሁ።»

«እንግዳ ከሆነ ይቀመጥ» አለ ሳይዞር።

መቀስ አልተቀመጠም። ስልኩን ሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠና አስጀመረው። መጀመሪያ ከፕሮግራሙ አውርዶ የቀጠለው፣ የተላለፈው ግማሽ መጣ። «እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው» የሚለው ላይ ሲደርስ የሽማግሌው መንጋጋ ጠበቀ። አክስትየው «ኧረ ይሄን ሰምተነዋል፣ አጥፋው!» አለች። መቀስ አላጠፋውም።

«ግን እኔ ይሄን ሰው አውቀዋለሁ» አለች ትንሿ ስልክ።

በረኛው ከመስኮቱ ቀስ ብሎ ዞረ። እስከ መጨረሻው ሰማው።  አክስትየው በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ አላልኩህም? ልጅህ እኮ ነች!» አለች።

«ማነው የቆረጠው?» አለ በረኛው።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ሰዓት አጥሯችሁ ነው?»

«አዎ» ማለት ይቀለው ነበር። ሽማግሌውም ያምነው ነበር።

«አይደለም ጋሼ። ለራሴ ላስቀረው ብዬ ነው። እንደዚህ ስትናገር ሌላ ሰው እንዲሰማት አልፈለግኩም። ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር፣ ስለ እርስዎ መሆኑንም አላሰብኩም። ድምጿን ወድጄ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ውይ!» አለች አክስትየው። ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በረኛው የተጣመሙ ጣቶቹን አየ። «እኔም ያው ነው ያደረግኩት» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?» አለች ልጁ።

«ያችን ጎል ለራሴ አስቀረኋት።» ወንበሩን በእጁ ጠቆማት። «ተቀመጪ። ስድስት ዓመትሽ ነበር። ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ከእናትሽ እጅ አምልጠሽ በገመዱ ሥር ሾለክሽና ከጎሌ ጀርባ ያለው አጥር ጋ መጣሽ። ‹አባዬ! አባዬ!› ትያለሽ። ምን ሆነች ብዬ ዞርኩ። አፍሽን ከፍተሽ በጣትሽ ታሳይኛለሽ። የፊት ጥርስሽ ወልቋል።»

«ጥርሴ?»

«ጥርስሽ። ሳቅኩልሽ። በዋንጫ ጨዋታ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ ቆሜ ሳቅኩልሽ። ስመለስ ኳሷ በእግሬ መሃል አልፋለች።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሀያ ሁለት ዓመት! ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ከተማው በሙሉ ያለቅስ ነበር። ‹ወንፊት› ሲሉኝ የኔ ጫንቃ ይችለዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ጫንቃ ግን አይችለውም። ብነግርሽ ዕድሜሽን ሙሉ ተሸክመሽው ልትዞሪ ነው። መጽሐፉንም ስጽፍ እዚያ ጋ ስደርስ ሦስት ወር ቆምኩ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ እውነቱን መጻፍም አልሆነልኝም። አንዷን ትቼ ሌሎቹን ጎሎች ባስገባ ደግሞ ሰው ይጠይቃል። ሁሉንም ከመጽሐፉ አወጣኋቸው።» ትንሽ ፈገግ አለ። «እውነትሽን ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል።»

«ያን ቀን አልቅሼ እንደነበር ትዝ ይለኛል» አለች ልጁ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ጎሏ አይደለችም ያስለቀሰችኝ። ሁሉም ሰው ስለ ጎሏ ሲያወራ ጥርሴን የሚያይልኝ ሰው አጥቼ ነው።»

«እኔ አይቼልሻለሁ ልጄ» አለ በረኛው። «ኳሷን አላየኋትም እንጂ ጥርስሽንስ በደንብ አይቼዋለሁ።»

ልጅቷ ትከሻው ላይ ወደቀች። የተጣመሙት ጣቶች ፀጉሯን ያዙ። መቀስ ይሄንን ማየት የእሱ ድርሻ እንዳልሆነ ገባውና ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ካርቶኖቹ መሃል ቆሞ እሱም አለቀሰ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ የራሱን ትንፋሽ መቆጣጠር አቃተው።

ከሰዓት በኋላ በረኛው ወደ ቤቱ ለመመለስ ተነሳ። አክስትየው «ካርቶኑንም ውሰድልኝ፣ መሄጃ አጣሁ» አለች። «አንተ!» አለ በረኛው መቀስን። «የምታውቀው መቁረጥ ብቻ ነው ወይስ መሸከምም ትችላለህ?»

መቀስ አንዱን ካርቶን ብድግ አደረገ። ዝናቡ አባርቷል። መንገዱ ረጥቦ ያበራል፤ የፀሐይ ብርሃን ከሕንፃዎቹ መሃል ተንጋዶ ገብቶ በየኩሬው ተኝቷል። ጥቂት እንደሄዱ በረኛው ቆመና ጉልበቱን ያዘ። «ጉልበቴ ነው፤ እናንተ ቅደሙ፤ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።»

ልጅቷ ወደ ኋላ ገላምጣ አየችውና መራመዷን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ የካርቶኑን አንድ ጎን ያዘችለት።

«አባትሽን እንጠብቃቸው» አለ መቀስ። «ጉልበታቸውን ካመማቸው...»

«አባቴን ጉልበቱን አሞት አያውቅም። ሆን ብሎ ነው።»

መቀስ ይሄን ሲሰማ ካርቶኑን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«እወድሻለሁ» አለ። «ፊትሽን ሳላይ ነው የጀመርኩት። ፊትሽን ካየሁ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ብትጠይኝም አልፈርድብሽም።»

 ካርቶኑን በመሃላቸው ይዘው፣ እርምጃቸው እየተጋጠመ፣ አንድ መንገድ ጨረሱ። ከኋላቸው በረኛው ምንም እንዳልታመመ ሰው ያፏጫል።

«የታረቅኩህ እንዳይመስልህ» አለች።

«አልመሰለኝም።»

ሌላ መንገድ ጨረሱ። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ካርቶኑን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችና ፊቱን ሳታይ ተናገረች።

«ትንሽ ግን ይምሰልህ።»